ከግድግዳው ማዶ የሚያወራው ፀጉር አስተካካይ

የስፌት መኪናዬ ቆማ ሳለ ስትሰፋ ሰማኋት። እግሬ ፔዳሉ ላይ የለም። ክር ተበጥሶብኝ፣ ዓይኔን አጥብቤ ከመርፌው ቀዳዳ ጋር እታገላለሁ። መኪናዬ ግን ከግድግዳው ማዶ ትክ ትክ ትክ ትላለች። በላዩ ላይ ደግሞ ዳግመኛ አልሰማውም ብዬ የተሰናበትኩት ድምፅ፣ «ና፣ ግባ፣ ዙፋኑ ባዶ ነው!» ብሎ ጮኸ። ፀጉሬ ቆመ። መርፌው ጣቴን እንደወጋኝ ያወቅኩት እንኳ ደሙ ጨርቁ ላይ ሲንጠባጠብ ነው።

ድምፁ የሬዲዮ ነበር። ሬዲዮ የምንለው ጎረቤቴን፣ ፀጉር አስተካካዩን ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ፤ ለምን እንደወጣለት ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጠዋት በሩን ከፍቶ የጀመረውን ወሬ ማታ በሩን ሲዘጋ እንኳ አይጨርሰውም፤ ቁልፉን እያዞረ ያወራል። የኔን ልብስ ስፌት ቤትና የሱን ፀጉር ቤት የሚለየው አንድ ስስ የኮምፐንሳቶ ሳንቃ ነው፤ ግድግዳ ብዬ የምጠራው ለክብሩ ያህል ነው። እኔ የሴት ወገብ ስለካ እሱ ማዶ ሆኖ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ ሴትየዋ ትስቃለች፣ ሆዷ ይንቀጠቀጣል፣ ልኬቴ ይበላሻል። «አንተ ሰው፣ ቀሚስ አጠበብክብኝ እኮ!» ብዬ ኮምፐንሳቶውን በመቀሴ እጠልዘዋለሁ። «እኔን ሳይሆን ምግቡን ውቀሺ!» ይለኛል። እንዲህ ስንባባል ነው ሁለታችንም ፀጉራችን የሸበተው።

ከዚያ ጉሮሮው ታመመ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለ፤ ቀጥሎ አቧራ ነው አለ፤ በመጨረሻ ሐኪሞቹ የራሳቸውን አሉ። ድምፅ የሚወጣበት ቦታ በሽታው ስለያዘው ተቆርጦ ካልወጣ ነፍሱ አትተርፍም ተባለ። ከሐኪም ቤት ሲመለስ ወደኔ ጎራ ብሎ፣ «ነፍሴና ወሬዬ ተለያይተው የሚኖሩ መስሏቸዋል» አለኝና ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ወደ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት የነበረውን ከሰዓት አልረሳውም። በሩን ከውስጥ ዘጋ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠና ስልኩን አፉ ላይ ደግኖ ብቻውን ማውራት ጀመረ። ለመታሰቢያ የሚቀዳ መሰለኝ። እኔም ሰው ነኝና መኪናዬን አቆምኩለት። ወዲያው ኮምፐንሳቶው ተንኳኳ። «ምነው ዝም አልሽ? ስፊ! አንቺ ከኋላዬ ካልተንቀጫቀጭሽ የኔ ድምፅ አይመስልም!» አለኝ። እየተናደድኩም እያለቀስኩም ሰፋሁ። ምን እንደሰፋሁ አላውቅም፤ በማግስቱ ሳየው የሱሪ ኪስ ጠቅልዬ ዘግቼዋለሁ።

ያን ቀን ያልቀዳው የለም። ደንበኛ የሚጠራበትን፣ አንገት ዝቅ የሚያስደርግበትን፣ ሌላ ቤት ተቆርጦ በመጣው ላይ የሚያላግጥበትን ሁሉ ቀዳ። ሳቁን ቀዳ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዲት ቃል ደጋገመ። «ሙሽሪት!» ይላል፤ ያዳምጠዋል፤ አልወደደውም፤ እንደገና «ሙሽሪት!» ይላል። ሚስቱን የሚጠራት እንደዚህ ነው፤ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ሌላ ስም ሰጥቷት አያውቅም። ለደንበኛ የሚሆነውን ሁሉ አንዴ ተናግሮ ሲያልፍ ይችን ግን እስኪመሽ ደጋገማት።

ስልኩ ላይ የነበረው ነገር አንድ አፕ ነው። የፈለግከውን በገዛ ድምፅህ ትቀዳለህ፣ እያንዳንዱ ንግግር በስክሪኑ ላይ አንድ ቁልፍ ይሆናል፣ ቁልፉን ስትነካው ድምፅህ ይወጣል። ያን የመርፌ ቀን ከግድግዳው ማዶ የሰማሁት ይሄንን ነው። ሬዲዮ ከሆስፒታል ወጥቶ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ ቤቱን ከፍቶ፣ የመጀመሪያ ደንበኛውን እየጠራ ነበር። የኔም መኪና እዚያ ድምፅ ውስጥ ተቀድታ ገብታለች። እጄን በአፌ ጭኜ በሩ ላይ ቆምኩ። እሱ አየኝና ሌላ ቁልፍ ነካ፤ ስልኩ ሳቀ። የራሱ ሳቅ! ሰውየው ዝም ብሎ ቆሞ ሳቁ ከመደርደሪያው ላይ ወጣ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

ፀጉር ቤቱ ውስጥም አንድ ወግ ተፈጠረ። ሬዲዮ እጁ አረፋና ምላጭ ስለያዘ ስልኩን መንካት አይችልም። ስለዚህ ከመደርደሪያው አጠገብ አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ቁልፍ ይጫንለታል። ሬዲዮ በፊቱ ያዛል፣ ሰውየው ይጫናል። ግራ ቅንድቡን ካነሳ፣ «አትንቀሳቀስ፣ ጆሮህ መለዋወጫ የለውም!» ነው። አገጩን ደረቱ ላይ ካደረገ፣ «አንገት ዝቅ፣ ኩራት ከበር ውጭ!» ነው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የደንበኛውን ማጅራት ሬሳ እንዳየ ሰው ካየው ደግሞ፣ «ማን ነው እንዲህ የቆረጠህ? ክሰሰው፣ እኔ ምስክር እሆናለሁ!» የሚለው ይወጣል። ሰው ለመቆረጥ ተራ ይይዛል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እዚያ ቤት ግን ለመጫን ተራ ይያዝ ነበር። ከሁሉ የበረታው ፖስተኛው ነው። ራሱ ላይ ፀጉር የሚባል ነገር የለም፤ የሚመጣው ለመጫን ብቻ ነበር።

«ሙሽሪት» የምትለዋ ቁልፍ ግን ለብቻዋ ሌላ ገጽ ላይ ነበረች። እሷን ማንም ነክቶ አያውቅም። ማታ ቤቱ ሲገባ፣ በሩን ሲከፍት፣ ራሱ ይነካታል። ሚስቱ ጓዳ ሆና፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «አቤት!» ትላለች። ቀዶ ጥገናው ያልነካው ነገር ቢኖር ይሄ ነበር።

ከንፈሩን ግን አያንቀሳቅስም። ከሆስፒታል እንደወጣ መስታወቱ ፊት ቆሞ ሊናገር አፉን ቢከፍት፣ ድምፅ የሌለው አፍ መስታወት ውስጥ ሲከፈትና ሲዘጋ አየ። «ዓሣ መሰልኩ» ብሎ በአረፋ መስታወቱ ላይ ጻፈልኝና በፎጣው ጠረገው። ከዚያ ወዲህ ምግብ ካልሆነ በቀር አፉን ለምንም አልከፈተም። ሌላ ሰው ቢሆን ከመስታወት ይሸሽ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ግን የት ይሸሻል? ቀኑን ሙሉ የገዛ ፊቱን እያየ የሚውል ሰው ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሳስበው እስካሁን ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን ሬዲዮ አንድ ቁንጥንጥ ደንበኛ እየላጨ ነው። ምላጩ ጆሮ ሥር ደርሷል፤ ሰውየው አንገቱን ያዞራል፤ ሬዲዮ ግራ ቅንድቡን አነሳ። ፖስተኛው ጣቱን ሰደደ። ስክሪኑ ላይ ግን ሰማያዊ ሳጥን ወጥቶ ቁልፎቹን ሸፍኗል። «አዲስ ነገር መጥቶልዎታል! አሁን ያድሱ?» ይላል። እንግዲህ ፖስተኛ ማለት ዕድሜውን ሙሉ የመጣን ነገር ለባለቤቱ ሲያደርስ የኖረ ሰው ነው። «መጥቶልዎታል» የተባለን ነገር እንዴት አድርጎ ይመልሰው? እሺ የሚለውን ተጫነ።

ስልኩ ጠቆረ፤ ትንሽ ቆይቶ በራ። ገጹ አምሯል፤ ቀለሙ ለስልሷል፤ ጠርዙ ሁሉ ክብ ክብ ሆኗል። ቁልፎቹ የሉም። በነሱ ቦታ ባዶ መጻፊያ ተቀምጧል፤ የፈለግከውን ጻፍ፣ እኔ አነብልሃለሁ ነው ነገሩ። ሬዲዮ እጁን ጠርጎ፣ ጆሮህ መለዋወጫ የለውም የሚለውን ፊደል በፊደል እየለቀመ ጻፈ። ስልኩም በጠራ፣ በተቆራረጠ፣ ምሳውን በልቶ በማያውቅ ሰው ድምፅ፣ «አትንቀሳቀስ። ጆሮህ። መለዋወጫ። የለውም።» አለ። ደንበኛው ክው ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። እኔ በኮምፐንሳቶው በኩል ስሰማው ፖሊስ የገባ መስሎኝ ነበር።

ሬዲዮን ጎትቼ ወደ ስልክ ጠጋኟ ወሰድኩት። ማዕዘኑ ላይ ያለች፣ ጥፍሯ አጭር፣ ትዕግሥቷ ረጅም የሆነች ልጅ ናት።

«እማማ፣ የድሮው ተመልሶ አይጫንም፤ እነሱ ዘግተውታል» አለችኝ።

«እማማ አትበይኝ። ድምፁስ? የቀዳው?»

ስልኩን በኬብል አስራ፣ ዓይኗን ስክሪን ላይ ተክላ ብዙ ቆየች። ከሰዓቱ አለቀ፤ ሌላ ደንበኛ አልተቀበለችም። በመጨረሻ ኬብሉን ነቀለችና ሬዲዮን ቀና ብላ ማየት አቅቷት፣ «ሲታደስ አብሮ ጠፍቷል ጋሼ። ቅጂም የለውም» አለችው። እሱ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ አጽናኙ እሱ ሆነና አረፈው።

ለአፑ ሠሪዎችም ጻፈችልን። መልሳቸው ፈጥኖ መጣ፤ መልስ ላይ ጎበዞች ናቸው። ስለ አስተያየታችን አመስግነው፣ የራስን ድምፅ መቅዳት የሚጠቀሙበት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ መነሳቱን፣ በምትኩ የገባው ድምፅ ግን እጅግ የጠራ መሆኑን ያበስራሉ። ጥቂት ሰዎች! ማን ጠይቋቸው ነው የሚያጠሩት? እኔ ደንበኛዬ ቀሚሷን ለማስጠበብ ብትሰጠኝ እጅጌውን ቆርጬ፣ «እጅጌ የሚወዱ ጥቂት ናቸው፣ ግን ተኩሼልሻለሁ» ብላት ምን ትለኛለች? ይህን ሁሉ ጮኼ ተናገርኩ። ጠጋኟ ራሷን ነቀነቀች። ሬዲዮ ግን ስልኩን ኪሱ ከቶ ቀድሞን ወጣ።

ያን ማታ ቤቱ የሆነውን የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ ቀሚሷን ልታስጠብብ መጥታ መርፌ ቁልፍ እየሰካሁላት። ሬዲዮ በሩን ከፍቶ እንደልማዱ ሊጠራት ፈልጎ ቃሏን ጻፈ። ስልኩም፣ «ሙሽሪት።» አለ።

«ሽንኩርቱንም ቢላውንም ጥዬ ዘለልኩ» አለችኝ። «ማነው ቤቴ የገባው ብዬ! ከዚያ ሳየው እሱ ነው። ሳቅኩ። እሱም ደስ ብሎት ደገመው። ሲደግመው ግን... እንጃ እህቴ፣ ያ ሰውዬ በኔ ስም ሲጠራኝ ገላዬ ኮሰኮሰኝ። ይሄን ሰውዬ ከቤቴ አስወጣልኝ አልኩት።»

«እሱስ?»

«አጠፋው። ከዚያ ወዲህ የገዛ ቤቱን በር እንደ እንግዳ አንኳክቶ ይገባል። ቁጭ ይላል። ደብተር ስጪኝም አይል፣ ምንም አይል። አፍህን አንቀሳቅስልኝ፣ እኔ አነበዋለሁ ስለው ፊቱን ያዞራል።» እጇን ወደላይ እንዳነሳች ቆማለች፤ እኔ እግሯ ሥር ተንበርክኬ ወገቧን እሰካለሁ። «ሰው የሚጠራው ማጣት ይከብዳል ይላሉ። እኔ እኮ አቤት የምልለት ነው ያጣሁት።»

 አፌ ውስጥ የያዝኩትን መርፌ ቁልፍ አውጥቼ ወገቧ ላይ ሰካሁት።

ማዶውም ከዚያ አይሻልም ነበር። ስልኩ መደርደሪያው ላይ መቀመጡ ቀረ፤ በቦታው የፓውደር ቆርቆሮ ተቀመጠ። ደንበኛ ይገባል፣ ይቆረጣል፣ ይወጣል። የመቀስ ድምፅ ብቻ። እኔ በዘመኔ ሁሉ ስማረርበት የኖርኩት ጫጫታ ቀርቶ ዝምታው በኮምፐንሳቶው በኩል እየመጣ እጄን ያስርብኝ ጀመር። ፖስተኛው አሁንም ይመጣል፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። ጥፋተኛው እኔ ነኝ እንዳይል ሬዲዮ ቀድሞ ይቅር ብሎታል፤ ይሄ ደግሞ ባሰበት። አንድ ጠዋት ሬዲዮ ጠራኝና መስታወቱ ላይ በአረፋ፣ «በወሩ መጨረሻ ልዘጋ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ተቆጣሁት። ፎጣውን ነጥቄ ጽሑፉን ጠረግኩት። እሱ ግን አረፋውን ከእጁ እየታጠበ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ፤ የወሰነ ሰው ዓይን ነው።

ሚስቱ ለሁለተኛ ልኬት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀሚሱን አጥልቃ፣ ጫፉ በመርፌ ቁልፍ እንደተሰካ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜያት ዙሪያዋን እየዞርኩ ነበር። መኪናዬ ቆማለች። ከማዶ መቀስ ይሰማል፣ ቀጥሎ ምላጭ ጎማ ላይ ሲሳል ይሰማል።

«አትንቀሳቀስ፣ ጆሮህ መለዋወጫ የለውም!»

ሁለታችንም ደረቅን። ቅላጼው የሱ ነው፤ «መለዋወጫ» ላይ ድምፁን ወደላይ ወርውሮ የሚይዛት አያያዝ የሱ ነው። ከሥሩ ደግሞ ትክ ትክ ትክ፤ መኪናዬ።

«ተሠራለት እንዴ?» አለችኝ። ፊቷ ላይ የመጣውን ብርሃን ያየ ሰው «አይደለም» አይላትም፤ እኔም አላልኩም። ከጠረጴዛው ዘላ ወረደች። በባዶ እግሯ፣ መርፌው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀሚሷ ላይ እንደተሰካ ወጣች፤ እኔም ሜትሩ አንገቴ ላይ እንዳለ ተከተልኳት።

ፀጉር ቤቱ በር ላይ ደርሰን ቆምን። ስልክ የለም፤ መደርደሪያው ላይ ያለው የፓውደር ቆርቆሮው ነው። አንድ እንግዳ ሰው ወንበሩ ላይ ግማሽ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሬዲዮ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ምላጩ አየር ላይ ቀርቶ፣ ዓይኑ መስታወቱ ውስጥ ባለው ፖስተኛ ላይ ተተክሏል። ፖስተኛው ደግሞ አንድ ጣቱ ወደ መደርደሪያው እንደተዘረጋ ነው። በኋላ እንደነገረኝ ሬዲዮ ቅንድቡ በልማድ ተነሳበት፤ የሱም ጣት በልማድ ቁልፉን ልትጫን ሄደች፤ ቁልፉ አለመኖሩን ያስታወሰው ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ጣቶቹን አግዳሚው ላይ ያርገፈግፋል፤ ትክ ትክ ትክ። የኔን መኪና ነው የሚያሰማው! ያለሷ ያንን ድምፅ ሰምተውት ስለማያውቁ ንግግሩን ሲይዙ እሷንም አብረው ይዘዋታል።

ሬዲዮ ቀስ ብሎ፣ እንደማያምን ሰው፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አደረገ።

«አንገት ዝቅ፣ ኩራት ከበር ውጭ!» አለ አግዳሚው በሙሉ።

አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ማን ነው እንዲህ የቆረጠህ? ክሰሰው፣ እኔ ምስክር እሆናለሁ!»

ወንበሩ ላይ ያለው እንግዳ፣ «ኧረ ምን ዓይነት ቤት ነው የገባሁት?» አለ። ያኔ ሳቁ መጣ። የአንዱ ሳቅ የሌላውን እየጎተተ አይደለም፤ ሁሉም አንድ ሳቅ ነው የሳቁት፤ ከላይ ጀምሮ ወደታች እየተንደረደረ መጨረሻ ላይ እንደ ሳል የሚሰበረውን የሬዲዮን ሳቅ።  ስልኩ ውስጥ ነው ብለን ጠፋ ብለን ያለቀስንለት ድምፅ ለካ በነዚህ ሰዎች ጉሮሮ ውስጥ ተከፋፍሎ ቁጭ ብሏል። ማንም ተለማመዱ አላላቸውም። ተራ ይዘው ሲጫኑ፣ ሲስቁ፣ ሳያውቁት ይዘውት ቀርተዋል። የኔን እግር ምት ሳይቀር። ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሬዲዮም ሳቁ ሳያልቅ ቀና አለና መስታወቱ ውስጥ ሚስቱን አያት።

ሰዎቹ ዓይኑን ተከትለው ዞሩ፤ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሬዲዮ ቅንድቡን አላነሳም፤ አገጩንም አላወረደም። ፖስተኛው ሊረዳው ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ የሚለውን አጣና ዘጋው። ይችን ቁልፍ ተጭኖ አያውቅማ። ማንም አያውቅም። ቤቱ ሙሉ ሰው የሱን ድምፅ ይዞ ተቀምጧል፤ እሷን የሚጠራበትን ግን የያዘለት የለም።

ምላጩን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ወደኛ አልዞረም። እዚያው መስታወቱ ፊት፣ ያን ሁሉ ጊዜ አፉን ያልከፈተበት መስታወት ፊት፣ ዓይኑን ከሷ ሳይነቅል ከንፈሮቹን አንቀሳቀሰ። ገጠማቸው፤ ወደፊት አሾላቸው፤ ከፈታቸው። ምንም አልወጣም። ከኮምፐንሳቶ ማዶ የሱን ሹክሹክታ ስትለይ የኖረች ጆሮዬ እንኳ ምንም አልሰማችም።

«አቤት!» አለች ሚስቱ፤ ጓዳ ያለች ይመስል፣ በር ድረስ እንዲሰማ አድርጋ።